የቸኮለች እጅ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ስድስት ኩብ ሰበርኩ። የዩኒቨርሲቲያችን ላቦራቶሪ ጥንካሬያቸውን የሚፈትናቸው የኮንክሪት ቁራጮች፤ ሦስቱ ከተቦኩ ሰባት ቀናቸው፣ ሦስቱ ሃያ ስምንት ቀናቸው። የሰባት ቀኖቹ ማሽኑ ገና ጫን ሲላቸው ፍርክስክስ አሉ። የሃያ ስምንቶቹ ማሽኑን አስጮኹት። ቁጥሩን መዝገብ ላይ አሰፈርኩ፣ ፍርስራሹን በጋሪ አወጣሁ፣ አቧራውን ከቅንድቤ ላይ ታጠብኩ። እንደ ማንኛውም ሰኞ።

ከምሳ በኋላ የስፖርት ክፍል ኃላፊው አስጠራኝ። ደብዳቤውን በጣቱ ገፋ አደረገልኝ። ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለው ረጅሙ መጋዘን ለአንድ ሴሚስተር ተፈቅዷል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ተማሪዎችን ከጃፓን ቀስት ውርወራ፣ ከኪዩዶ፣ ጋር ለማስተዋወቅ። ጥር ላይ እንግዶች መጥተው ያያሉ። ተማሪው ከዘለቀና የሚታይ ነገር ካለ መጋዘኑ የእኛ ይሆናል። ከሌለ የፈተና ወረቀት ይታጨቅበታል።

ሰውየው አንገቱ ላይ ሁልጊዜ የሩጫ ሰዓት ያንጠለጥላል። ሲያናግረኝ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርገዋል። በስንት ሰኮንድ ጨርሼለት ይሆን?

ሦስት ዓመት ቦታ ስጡኝ እያልኩ ስለምን ኖርኩ… አሁን ግን ተሰጠኝ። ተመስገን።

ከመውጣቴ በፊት መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን አንድ ቀስት ሞከርኩ። ደጋኑን ሳብኩ። ጉንጬ ጋ ሳይደርስ ሄደ። ዛሬም። እኔ አልለቀቅኩትም። እጄ ለቀቀችው።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሃያ ሦስት መጡ። ወንበር የለም፣ ቆሙ። የሁሉም ዓይን ግድግዳው ላይ ነው። ከሰው የሚረዝም ደጋን አይተው አያውቁም። መያዣው ደግሞ መሐሉ ላይ አይደለም፣ ወደ ታች ዝቅ ብሏል። አንዷ፣ ተሠርቶ ሳያልቅ ነው ወይ የመጣው፣ ብላ ጠየቀች።

መጥረጊያ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ወለሉ ይጠረጋል። ከዚያ ላስቲክ፤ አጭር ዱላ ላይ የታሰረ ላስቲክ መሳብ። ደጋን መቼ ነው አሉ። ኅዳር። ዒላማስ? እናያለን። ፊታቸው ወረደ።

አንድ የሕግ ተማሪ አለ፣ ቀልደኛ። መጥረጊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ጠላት ቢመጣ ጠርገን ነው የምናስወጣው?" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነገርኳቸው። እዚህ ቤት ጭብጨባ የለም። ዒላማ ለመታ አይጨበጨብም፣ በሳተም አይሳቅም። እጅ የሚጨበጨበው ሰው ቀስት ለማንሣት ወደ ዒላማው ሲገባ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ። ሰው ገብቷል፣ ማንም እንዳይስብ ማለት ነው።

ወለሉ በደንብ ተጠርጓል። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አሥራ አራት ናቸው አሁን።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጓንት ሊሰፋላቸው ተስማማ። አውራ ጣቱ ጠንከር ያለ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ጅማቱ ጣት ይቆርጣል። የኔን ወስዶ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ "ይሄን የሰፋው ሰው ትዕግሥት ነበረው" አለ። አሮጌ የቆዳ ጃኬቶች ከወዳጆቹ ለምኖ አመጣ። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ሱቁ ሄደው እጃቸውን ተለኩ። ወገብ ሲለካ ሰው ሆዱን ይስባል፣ እጅ ግን የሚደብቀው ነገር የለውም፣ እያለ ሲያስቃቸው ዋለ።

ማታ እራት ላይ፦ "ሃያ አምስት ዓመት ደጋን ስትስቢ ኖረሽ አንድ ቀን ሥጋ ይዘሽ አልመጣሽም።"

እንጀራዬን ጠቀለልኩ። ጓንቶቹ ግን… ስፌታቸው እንዴት ያምራል።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጣራው ሁለት ቦታ ያፈሳል። ባልዲ ደቀንን። አሥራ አንድ ተማሪ መጣ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ዘጠኝ ቀሩልኝ። እነዚህ የሚዘልቁ ይመስለኛል። ቀልደኛው አለ። ረጅሙ አለ፣ የሕንፃ ተማሪ፣ ላቦራቶሪ ውስጥም የኔ ልጅ ነው። የፋርማሲዋ ልጅ አለች፤ በአራት ሳምንት ሦስት ቃል ብትናገር ነው። ላስቲኩን ስትስብ ትንፋሿ አይሰማም።

ከየት ተማሩት አሉኝ ዛሬ። ነገርኳቸው። በሃያ ስድስት ዓመቴ ለኮንክሪት ሥልጠና ጃፓን ተላክሁ። ከማደሪያችን አጥር ጀርባ አንድ የቀስት ቤት ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ መጥረጊያ ሰጡኝ። ሦስት ዓመት አስተማሩኝ። ቋንቋዬ ደካማ ነበር፣ የሳቸው ትዕግሥት ግን ብርቱ። ባለፈው ክረምት አረፉ። ልጃቸው አራት ደጋን በረጅም ሣጥን ላከችልኝ። እዚያ የሚስብ ወጣት ጠፋ፣ ቤቱም ሊዘጋ ነው፣ እናንተ ጋ የሚስብ ካለ ይሳብበት፣ ትላለች ደብዳቤዋ። ጥር ላይ መጋዘኑን ካጣን ደጋኖቹን የት አደርጋቸዋለሁ? አልጋ ሥር?

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዱን ነገር አልነገርኳቸውም።

ለራሴ እንኳ ልጻፈው። ደጋን ይሳባል፣ ቀስቱ ጉንጭ ጋ ሲደርስ ይያዛል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሰኮንድ። ትምህርቱ ሁሉ እዚያች መያዝ ውስጥ ነው። ከዚያ ይለቀቃል። እኔ መያዝ ካቃተኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እዚያ አገር ሃያኬ ይሉታል፣ የታወቀ የቀስተኛ በሽታ ነው። እኔ ጥድፊያ እለዋለሁ። እጅ ሳይታዘዝ ይለቃል። የጀመረኝ እናቴ በሞተችበት ዓመት ነው። ግን እናቱ የሞተችበት ሁሉ እንዲህ አይሆንም።

ማንም አያውቅም። ባለቤቴም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ደጋን ያዙ። በሁለት ሜትር ርቀት፣ የሣር ጥቅል ላይ። ዘጠኝ ፊት እንደ አዲስ ሙሽራ። ለላከችልን ሴት ዛሬ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አሳዩን አሉ። ሁልጊዜ ሲሉ ነበር፣ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ። ዛሬ ረጅሙ፣ "እትዬ፣ እኛ እኮ አንድም ቀን አላየንም" አለ። እውነቱን ነው። ያላዩትን እንዴት ይሥሩት?

በሃያ ስምንት ሜትር ቆምኩ። ዒላማውን የተከልነው በላቦራቶሪው አሸዋ ላይ ነው፣ እኔው በወንፊት ነፍቼ የከመርኩት። ደጋኑን አነሣሁ። ሳብኩ። ቀስቱ አፌን ሲያልፍ… ሄደ። ዒላማው ጠርዝ ላይ ተሰካ። ዕድል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጭብጨባው ጣራውን አናጋው። "እንደ መብረቅ እኮ ነው" አለ ቀልደኛው። ሌላው፣ ሲስቡና ሲለቁ መለየት አይቻልም፣ አለ።

ጭብጨባ የለም ብያችኋለሁ አልኩ። ድምፄ ከረረ። ስለ ሥርዓቱ የተቆጣሁ መሰላቸው፣ አንገታቸውን ደፉ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፌን ከፈትኩ…

"መጥረጊያውን አምጡ" አልኩ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

እኔን እየመሰሉ ነው።

ሳያቸው ሆዴ ባባ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። ሳብ፣ ልቅ። ሳብ፣ ልቅ። ማን ይፈጥናል ይባባላሉ። "የእትዬ አለቃቀቅ" የሚል ስም ወጥቶለታል። ያዙ እላለሁ፣ ያዙት እላለሁ፤ እሺ ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን፣ "እርስዎስ?" ነው የሚለው። አፌን አይደለም የሚሰሙት። እጄን ነው።

የፋርማሲዋ ልጅ ብቻ ትይዛለች። ከሁሉም ኋላ ትጨርሳለች። ቀልደኛው፣ "አንቺን ስንጠብቅ እንመረቃለን" ይላታል። እሷ ደጋኗን ትስባለች።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሊጻፍ አይፈልግም። ልጻፈው።

የሣር ጥቅሉ በበሩ በኩል ነበር። እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት፤ በሁለት ሜትር ማን ይስታል ብዬ። ረጅሙ ሳብ አደረገ፣ ደጋኑን ገና ሳያስተካክል እጁ አመለጠው። ቀስቱ ጥቅሉን በጎን አልፎ የበሩ መቃን ላይ ተሰካ። ወዲያው በሩ ተከፈተ። የጽዳት ሠራተኛዋ። ባልዲ ይዛ።

"ደህና ዋላችሁ" አለች። ቀስቱ አጠገቧ ገና ይርገበገባል። አየችው። እኔን አየችኝ።

"ይሄን ነው የምታስተምሪያቸው?" አለች። በቁጣ አይደለም። መልስ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ረጅሙ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጥቅሉን ወደ ሩቁ ግድግዳ ጎትቼ ወሰድኩት። ደጋኖቹን ሰቀልኩ። ወደየቤታችሁ አልኩ።

በሩ አንድ ሰኮንድ ቀድሞ ቢከፈትስ? ተመስገን ማለት እንኳ አሳፈረኝ። ግን አልኩ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ቁርስ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። የስድስቱንም ዓመት። ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ። ስኳር ያላደረገበት ሻይ።

"ታዲያ ልጆቹ ምን አጠፉ?" አለ። "በተንሻፈፈ ሜትር ለክቼ ልብሱ ሲጠብ መቀሱን አልሰድብም።"

ማንኪያውን አስቀምጦ፣ "ስድስት ዓመት ሙሉ ለኔም?" አለ። ከፋው። ሱቁን ለመክፈት ተነሣ። በሩ ላይ ተመልሶ ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎልኝ ሄደ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እኔም። ያያችሁት ችሎታ አይደለም፣ በሽታ ነው አልኩ። ስሙ ይህ ነው፣ እንዲህ ያደርጋል፣ ስድስት ዓመቴ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ስታጨበጭቡ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፣ ፈራሁ። ሐሙስ የሆነው የኔ ጥፋት ነው፣ የማንም አይደለም። ደግሞ ጥር ላይ በሥርዓቱ መጀመሪያ የምትወረውረው መምህሯ ናት። እችላለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ አልቀየምም።

ውጪ ይዘንባል፣ ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ቀልደኛው ራሱን አከከ። "ታዲያ እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሽታ ነው ስንለማመድ የከረምነው?"

"አዎ።"

"ጎበዞች ነን። የሕክምና ተማሪዎች ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እየመጣ። ረጅሙ ግን አልሳቀም። ሰው ልገድል ነበር እኮ፣ አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። አልጠራሁትም። ምን ብዬ?

ሲበተኑ የፋርማሲዋ ልጅ ቀረች። ጓንቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"እኔ አውቄ ነበር" አለች።

በምን አልኳት። ሲለቁ ዓይንዎ ይጨፈናል፣ አለች። እነሱ ክፍል መድኃኒት በጠብታ ይቆጥራሉ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ቁጥሩ ጠፍቶበታል ማለት ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትልቅ ሰው ነዎት።" ከዚያ፣ "እትዬ፣ ነገ በምሳ ሰዓት ልምጣ? እኔ እቆጥራለሁ። እርስዎ አይልቀቁ። ቀስትም አያስፈልግም። ስበው ይመልሱት።"

ደጋንን ስቦ መመለስ… ሽማግሌው ያንኑ ነበር የሚያዙት። አውቃለሁ። ስድስት ዓመት አውቃለሁ። የሚቆጥርልኝ ሰው ነበር የጠፋው። ወይስ የምነግረው?

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ያለ ቀስት፣ ሁለት ድረስ ቆጠረች። ሁለት። እጄ ባዶ ጅማት ልትለቅ ታገለች። ባዶ ጅማት መልቀቅ ደጋን ይሰብራል፣ ስለዚህ በግድ ያዝኩ።

"ደህና ነው" አለች። "ትናንት አንድ ነበር።"

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሦስት።

ስምንቱም ወደ ላስቲክ ተመልሰዋል። ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። እኔም ሰልፉ ውስጥ ቆሜ እስባለሁ። ቀልደኛው ከኋላዬ ነው። "እትዬ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት እኛን ነው ለካ" አለኝ። አያቱ ስትለው ይሰለቸው ነበር አሉ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ኃላፊው የጥር ወሩን ፕሮግራም ጽፎ መጣ። "መክፈቻ፦ አሠልጣኟ።" ይመቱታል አይደል፣ አለኝ። ስለ ዒላማው።

እሱንም ነገርኩት። አንዴ ከተጀመረ ይቀላል ለካ። እጄ ትቸኩላለች አልኩ፣ ዒላማውን ስለ መምታት ምንም ቃል አልገባም። ቀጭ ማድረጉን ተወ። የሩጫ ሰዓቱን በመዳፉ ጨበጠ።

"ጥር ገና ነው" አለ። ፕሮግራሙን አልቀየረውም።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

አራት፣ አንዳንዴ አምስት። ያለ ቀስት። ቀስት ሲሰካበት ወደ ሁለት ይመለሳል። እጄ ታውቃለች፣ አትታለልም።

ተማሪዎቹ ሲወረውሩ ቀስት የማነሣው አሁን እኔ ነኝ። ሽማግሌው ጥድፊያ የያዘውን ተማሪ በሩ አጠገብ አስቀምጠው ለወር ቀስት ያስለቅሙት ነበር። ቅጣት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ያልወረወርኩትን ቀስት ከአሸዋው ስነቅል ልቤ ዝም ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች… ይኸው እየለቀምኩ ነው።

ባለቤቴ ለሁላችንም ጥቁር ሱሪ ሰፋልን፣ ሰፋ ሰፋ ያለ። ሳይጠየቅ። የረጅሙንም ሰፍቶታል። ሄዷል እኮ አልኩት። ልኩ እጄ ላይ ነበር፣ አለ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ሳምንት ቀረ። ቀስት ተሰክቶበት አራት። የምትለቀው ግን አሁንም እጄ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ያን ቀንም ሳላዛት ብትለቅስ? እንግዶቹ አያውቁም። ያጨበጭባሉ እንኳ። ስምንቱ ግን ያውቃሉ። እንደገና የሚያዩት ያንኑ ይሆናል።

የፋርማሲዋ ልጅ ፈተና ላይ ናት፣ ሆኖም መጣች። ዳቦ በእጇ ይዛ እየበላች ቆጠረች።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

አሥራ አንድ ወንበር ደረደርን። ዲኑ፣ ሁለት የአስተዳደር ሰዎች፣ ኃላፊው፣ ሌሎችም። የጽዳት ሠራተኛዋን ራሴ ሄጄ ጠራኋት፤ ከበሩ ርቄ ከተቀመጥኩ እመጣለሁ ብላ መጣች። ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶት። በሃያ አምስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ስምንቱ በጎን ተንበርክከዋል። የፋርማሲዋ ልጅ ጫፍ ላይ። መቁጠር አይፈቀድም፣ ጸጥታ ነው። ግን ጣቷን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ሳልፍ አየሁ።

ቆምኩ። ደጋኑን አነሣሁ። ሳብኩ። ጉንጬ ጋ ደረሰ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ጣቷን አላየሁም፣ ግን አውቀዋለሁ። አራት። ዒላማው ወለል ብሎ ታየኝ። ዓይኔ ተከፍቷል እኮ… አምስት። ስድስት ላይ መጣች። እጄ። እንደ ለመደ ሌባ በኮቴዋ አወቅኳት። ልትለቅ ነው። እኔ ገና ነኝ።

መለስኩት። ቀስ አድርጌ፣ ቀስቱ እንደተሰካ፣ ጅማቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ደጋኑን ዝቅ አደረግኩ። እጅ ነሣሁ። ወደ ቦታዬ ሄድኩ።

ወንበሮቹ ላይ ሹክሹክታ ተነሣ። ዲኑ ወደ ፕሮግራሙ አጎነበሰ፣ አንዱ ሰው ተበላሸባት መሰለኝ አለ። ስምንቱን አየሁ። ቀልደኛው ከንፈሩን ነክሷል። የፋርማሲዋ ልጅ ጉልበቷ ላይ ስድስት ጣት ዘርግታ፣ ቀስ ብላ አጠፈቻቸው።

ከዚያ እነሱ ተነሡ። ሁለት ሁለት ቀስት፣ አሥራ ስድስት። ሦስት ብቻ መታ። ግን ሁሉም ያዙ። አንድም የቸኮለ የለም። ቀልደኛው አምስት ያዘ፣ ላቡ አፍንጫው ላይ እየተንጠባጠበ። የፋርማሲዋ ልጅ ሁለቱንም ሳተች፤ ሰባት ሰባት ይዛ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ወደ ቤት ከባለቤቴ ጋር ሄድን።

"ሳትለቂው መለስሽው" አለ።

"አዎ።"

"ያልተቆረጠ ጨርቅ ነው። ምንም ሊሆን ይችላል ገና።"

ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነገርኩት። ኪሱ ከተተው።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ኃላፊው ላቦራቶሪ ድረስ መጣ፣ ኩብ ስሰብር። ማሽኑ እስኪቆም ጠበቀ።

ሁለቱ የአስተዳደር ሰዎች፣ አሠልጣኟ ራሷ መወርወር ካቃታት፣ ብለው ነበር። ለእኛ የተናገረልን ኃላፊው ነው አሉ። ምን እንዳለ ጠየቅሁት። ለነሱ ያለውን አልነገረኝም፣ ሌላ ነገር ነገረኝ። በወጣትነቱ የመቶ ሜትር ሯጭ ነበር። ሁለት ጊዜ ከሽጉጡ በፊት ተነሥቶ ከውድድር አስወጥተውታል። ሁለተኛው ትልቅ ውድድር ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሮጠም።

"ከሽጉጡ በፊት እግሬ ሲነሣ አውቀዋለሁ፣ እትዬ" አለ። "መመለስ ግን አንድ ቀን አልቻልኩም።"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለአንድ ዓመት። በግራ በኩል የፈተና ወረቀት ይደረደራል፣ በቀኝ በኩል እኛ። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ መቆም ይችላል። ጣራውም ይጠገናል፤ ለወረቀቱ ሲሉ።

ደጋኖቹ አልጋ ሥር አይገቡም። ማንን ላመስግን? ከየት ልጀምር? ወደ ሥራው መለስኩ ራሴን። የሃያ ስምንት ቀኑ ቀርቶኝ ነበር።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ስድስት ኩብ ሰበርኩ። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ፍርስራሹን በጋሪ አወጣሁ፣ ቅንድቤን ታጠብኩ። አሥር ሰዓት ላይ መጋዘኑን ከፈትኩ።

አምስት አዲስ ተማሪዎች አሉ። መጥረጊያ የሰጣቸው ቀልደኛው ነው፣ ፊቱን አኮሳትሮ፤ ጠላት በመጥረጊያ ነው የሚመከተው እያለ። የወረቀት ካርቶኖቹ እስከ ጣራ ደርሰዋል። ጣራው አያፈስም።

ከአዲሶቹ ኋላ በሩ ላይ ረጅሙ ቆሞ ነበር። ባልዲ የያዘችው ሴትዮ ከጎኑ ናት። እሷ ናት ያመጣችው፤ ኮሪደር ላይ ሲያያት አንገቱን እየደፋ ማለፉ ሰልችቷት። "እኔ አልሞትኩ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?" ብላዋለች አሉ። ባለቤቴ የሰፋለትን ሱሪ ከመንጠቆው አውርጄ ሰጠሁት። ልክ ሆነው። ላስቲክ ሰልፍ ውስጥ ገባ።

መጨረሻ ላይ በሃያ ስምንት ሜትር ቆምኩ። ከጥር ወዲህ እስብና እመልሳለሁ፣ አንድም አልለቀቅኩም። የፋርማሲዋ ልጅ ከጎኔ ናት። ዛሬ ጮክ ብላ ቆጠረች። አምስት። ስድስት። ሰባት። እጄን ጠበቅኳት፣ አልመጣችም። ስምንት አለች።

ለቀቅኩት። እኔ።

ዒላማውን በአንድ ክንድ ሳተው። አሸዋው ውስጥ ገባ፣ ድም አለ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሳቀም። ደጋኖቹ ሁሉ ዝቅ እስኪሉ ቆየን።

ከዚያ የፋርማሲዋ ልጅ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። ቀስቴን ላነሣ ገባሁ።